የጊዛሎ ተጋዳዮች

ምናኔ ከዓለም ጠፋ፣ ሥጋን መጎሰምም ከጥንት አባቶች ጋር ተቀበረ እያሉ የሚያዝኑ ሰዎች፣ በበጋ ወራት ቅዳሜ ማለዳ ከሚላኖ ወደ ኮሞ ሐይቅ የሚያደርሰውን ጎዳና አላዩም ማለት ነው። በዚያ ጎዳና ጠበቃው፣ የጥርስ ሐኪሙና የባንክ ሹሙ ብስክሌታቸውን በአውቶሞቢላቸው ጣራ ላይ በክብር አስረው ይጓዛሉ፤ ከሐይቁ ዳር ሲደርሱም አውቶሞቢሉን አቁመው፣ ብስክሌቱን አውርደው፣ ተራራውን ወጥተውና ዞረው፣ በመጨረሻ አውቶሞቢሉ ወደ ቆመበት ወደዚያው ስፍራ ይመለሳሉ። አባታችን አዳም እንጀራውን በወዙ እንዲገዛ ተፈረደበት፤ እነዚህ ግን ማንም ሳይፈርድባቸው ወዛቸውን በእንጀራቸው የሚገዙ ናቸውና ትሩፋታቸው ከአዳም እንዴት አይበልጥ!

ስፍራውም ለገድል የተገባ ነው። ከቤላጆ ከተማ በላይ፣ ከሐይቁ ጠርዝ 550 ሜትር ያህል ሽቅብ ተወጥቶ፣ በ754 ሜትር ከፍታ ላይ የጊዛሎ ማርያም የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1949 የብስክሌተኞች ጠባቂነቷን ዐውጀውላታል። በግድግዳዋ ላይ የሻምፒዮኖች ማልያ ተደርድሯል፤ የጥንቶቹ ሻምፒዮኖች ኮፒና ባርታሊ የነዱት ብስክሌት ተሰቅሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በቱር ደ ፍራንስ ቁልቁለት ላይ ወድቆ የሞተው፣ የዚያው የኮሞ ተወላጅ ፋቢዮ ካዛርቴሊ የነዳው የተሰባበረ ብስክሌትም በዚያ ይገኛል። የቅዳሜው ተሳላሚ ግን ከደጃፉ እንደ ደረሰ አስቀድሞ የሚሳለመው በመሪው ላይ የተተከለችውን ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ሰዓቷን ካላቆመ ጸሎቱ ሁሉ እንደ ዘገየ ተቆጥሮ አማካይ ፍጥነቱን ያወርድበታልና። ቀጥሎም ብስክሌቱን ከውጭ ከቆሙት ከሻምፒዮኖቹ ምስሎች አጠገብ አስደግፎ ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ወደ ውስጥ መግባቱ እንደ ጊዜው ነው።

ስለ ብስክሌቱ ከተነሣ፣ የነዚህ ሰዎች ጾም የብረት ጾም መሆኑን መመስከር ይገባል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ግራም እንዳያንስ ደንግጓል፤ ይህ ቀኖና ግን የሚያስረው በብስክሌት እንጀራውን የሚበላውን ምስኪን እንጂ የጥርስ ሐኪሙን አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ የወር ገቢውን ከፍሎ የኮርቻውን ዘንግ በካርቦን ያስለውጣል፤ ብሎኑን በቲታኒየም ይተካል፤ የውሃ መያዣውን ሳይቀር በሚዛን ላይ አውጥቶ ይመረምራል፤ ነፋስ እንዳያውከውም የእግሩን ጸጉር ሙልጭ አድርጎ ይላጫል። ከቀበቶው በላይ የተንጠለጠለውን ስምንት ኪሎ ግን አይነካውም፤ እርሱ በቅቤና በሩዝ ለብዙ ዓመት ሲቀና የኖረ ርስቱ ነውና፣ ርስት ደግሞ በግራም አይሸጥም።

ደግሞስ መዝገብ የሌለው ተጋድሎ ምን ይረባል? የጥንቱን ጻድቅ ገድል ደቀ መዝሙሩ የሚጽፍለት ካረፈ በኋላ ነበር፤ የዛሬው ግን ከኮርቻው ሳይወርድ ገድሉ ስትራቫ በተባለው መዝገብ ተጽፎ ለወዳጅም ለጠላትም ይነበባል። መዝገቡ በየአቀበቱ ከሁሉ ፈጥኖ የወጣውን «የተራራው ንጉሥ» ብሎ አክሊል ይደፋለታል፤ ንጉሡም እሑድ ማታ በክብር ተኝቶ ማክሰኞ ሲነሣ፣ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የወጣ አንድ ጎረምሳ በአራት ሴኮንድ ቀድሞት ዙፋኑን እንደ ወሰደበት ይረዳል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የመሣሪያው ባትሪ በአቀበቱ እኩሌታ ላይ የሞተበት ሰው ነው፤ ላቡ ፈሶ ሳለ እንዳልፈሰሰ ይቆጠርበታልና፣ ሲያጽናኑት እንኳ አይጽናናም።

ሐይቁስ? ሐይቁማ አለ። ከቤላጆ ላይ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ክንፉ ወደ ኮሞ፣ ሌላው ወደ ሌኮ ይወርዳል፤ ከጊዛሎ አደባባይም የሌኮው ክንፍ ከግሪኛ ተራራ በታች ተዘርግቶ ይታያል ይላሉ ወደዚያ በአውቶቡስ የሚሄዱ ሰዎች። ብስክሌተኛውም አላየውም ማለት ሐሜት ይሆናል፤ በመሣሪያው መስተዋት ላይ በሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ አይቶታል።

ጊዛሎ የቀለለበት ደግሞ ወደ ሶርማኖ ግንብ ይሻገራል። ይህ ከሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ አቀበት፣ በአማካይ ከመቶ 15 እጅ የሚበልጥ፣ በከፋው ስፍራ ከመቶ 25 እጅ በላይ የሚያዘነብል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በሎምባርዲያ የብስክሌት ውድድር ውስጥ ገብቶ የዘመኑ ጀግኖች ሳይቀሩ እየወረዱ ቢገፉበትና ተመልካቹም ከኋላ እየደገፈ ቢያወጣቸው፣ ውድድር መሆኑ ቀርቶ ዘመቻ ስለ መሰለ እስከ 2012 ድረስ ተትቶ ነበር። እነዚያ እንጀራቸው የሆነባቸው ሰዎች መውረድን አላፈሩበትም። የቅዳሜው ተጋዳይ ግን ከጎዳናው ግራ ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ፣ ከንፈሩ ነጥቶ፣ ዐይኑ ፈጦ ይወጣል እንጂ አይወርድም፤ የግድ ሲሆንበትም አስቀድሞ ወደ ኋላው ተመልክቶ፣ ሰው እንደ ሌለ አረጋግጦ ይወርድና ከሰንሰለቱ ላይ ያጎነብሳል። ሰንሰለቱ ምንም አልሆነም። ሌላ ብስክሌተኛ ደርሶ እስኪያልፍ ግን ጣቱን በግራሶ እየለቀለቀ ሲመረምረው ይቆያል።

ይህን ያህል የመድከም ጥማት በከንቱ እንዳይባክን አንድ አሳብ ላቀርብ እወዳለሁ፦ ከአቀበቱ ሥር ለየተጋዳዩ አንዳንድ እስር እንጨት ቢታደለው፣ በተራራው ላይ ላሉት አሮጊቶች የክረምት ማገዶ በሆነ ነበር። ስለዚሁ ያማከርሁት አንድ ሐኪም አሳቡን እጅግ አመስግኖ፣ ክርስቲያናዊ መሆኑንም መስክሮ፣ እንጨቱ ስንት ግራም እንደሚመዝን ጠየቀኝ።