ስድስተኛው ትውልድ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በቁጥሮች አገር፣ ስሙ የገነነ አንድ ቤት ነበረ። በዚያ ቤት ልጅ የሚወለደው ከአባቱ ላይ 1 ተቀንሶ፣ የቀረው በራሱ ተባዝቶ፣ 1 ሲጨመርበት ነው። 3 5ን ወለደ፤ 5 17ን፣ 17 257ን፣ 257 ደግሞ 65,537ን ወለደ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ነበሩ፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው አልተገኘም።

ስድስተኛው 4,294,967,297 ሆኖ ሲወለድ አገሩ በእልልታ ተቀበለው። የፈተነው ግን አልነበረም። የቱሉዙ የሕግ ሰው ፒየር ደ ፌርማ በ1640 እ.ኤ.አ. የዚህ ቤት ልጆች ሁሉ ብቸኞች እንደሚመስሉት፣ ማረጋገጫ ግን እንዳላገኘለት ጽፎ ነበር። አገሬው ግምቱን ይዞ ጥርጣሬውን ጣለው። ልጁም በዘሩ ኮርቶ ከፍ ባለ ወንበር ተቀመጠ፤ ለሁለትም ለሦስትም ለአራትም እኩል የሚዳረሰውን 12ን እንኳ «አንተ ተከፋፋይ!» እያለ ከደጁ ያባርረው ጀመር።

92 ዓመት አለፈ። በ1732 እ.ኤ.አ. በሴንት ፒተርስበርግ የሚኖረው ሊዮናርድ ኦይለር ልጁን ለፈተና አቀረበው። ኋላ እንዳስረዳው፣ ይህን ቁጥር ሊያካፍል የሚችለው ብቸኛ ቁጥር ለ64 ሲካፈል 1 የሚተርፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ተሰላፊዎቹ ጥቂት ነበሩ። 193 ሞከረ፤ ቀሪ ተረፈ። አያቱ 257 ሞከረ፤ 2 ተረፈ። 449ም 577ም ሳይሆንላቸው ተመለሱ።

በመጨረሻ ማንም ስሙን ጠርቶት የማያውቅ 641 እጅ ነሥቶ ቆመ። «ጌታዬ፣ ቢፈቅዱልኝ እኔም ልሞክር» አለ። ጉባኤው ሳቀበት። ሲያካፍል ግን ድርሻው 6,700,417 ሆነ፤ ቀሪም አልነበረም። ሳቁ ቆመ።

የቤቱ ወዳጆች «ይህ ትንሽ ቁጥር ዘር ሊያዋርድ የተላከ ነው፤ ይባረር!» ብለው ጮኹ። ያን ጊዜ አባትየው 65,537 ተነሣ። «ልጄ ትናንት የነበረው ራሱ ነው፤ ምንም አልጎደለበትም። የወደቀው እኛ ሳንመረምር የሰጠነው ስም ነው። እኔ ፈተናዬን በራሴ አልፌአለሁ፤ ለልጄ ላወርሰው ግን አልችልም። ይልቅ እውነቱን ላወጣልን ለ641 ወንበር አምጡለት» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ከሰባተኛው እስከ ሠላሳ ሦስተኛው ትውልድ ያሉት በየተራ ተመረመሩ፤ አንድም ብቸኛ አልተገኘባቸውም። አምስት አባቶች የመሰከሩለት ቤት ከስድስተኛው በኋላ አንድ ምስክር እንኳ አጣ።

እናንተም ሰውን ለሹመት ስታጩ፣ የአባቶቹን ስም ከሰማችሁ በኋላ እርሱን ራሱን ፈትኑት። ፈታኙ ስሙ ያልታወቀ ታናሽ ቢሆንም በሩን ክፈቱለት፤ ዘጠና ዓመት የቆየ ስሕተት ያረመው እንዲህ ያለው ነውና።