ኳስ የማይከታተል ጎልማሳ በማንኪራ፦ ባሕርዩና አያያዙ

ማንኪራ በካፋ ዞን በዴቻ ወረዳ፣ በቦንጋ አካባቢ ያለ የቡና አገር ነው። ስለ ጫካ ቡናው ብዙ ተጽፏል፤ የካፋንም ደን በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጥብቅ ባዮስፌር ብሎ መዝግቦታል። ከደኑ አጠገብ የሚኖረው ሌላው ብርቅዬ ፍጡር ግን፣ ማለትም የእንግሊዝ ኳስ የማይከታተል ጎልማሳ፣ እስካሁን መዝጋቢ አላገኘም።

ፍጡሩን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «የማን ደጋፊ ነህ?» ተቀባይነት ያላቸው መልሶች አርሴናልና ማንቼ ናቸው። ቼልሲና ሊቨርፑል ይፈቀዳሉ። ሲቲ ያለ ሰው «ከመቼ ጀምሮ?» ይባላል። «የማንም» የሚል መልስ ግን በሥርዓቱ ውስጥ የለም። ጠያቂው የሳምንቱን ውጤት በልቡ ይከልስና በሰፊ ልዩነት የተሸነፈውን ቡድን ያሸክመዋል፤ «አፍረህ ነው እንጂ!»

ልምድ ያላቸው በጨዋነት የሚያልፉበት ዘዴ አላቸው። ከሁሉ የተሻለው «ዳኛው እኮ...» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ መተው ነው። ቀሪውን ደጋፊው ራሱ ይሞላዋል፤ አንዳንዴ እስኪመሽ ይሞላዋል። ቁጥር መጥቀስ ግን ጥንቃቄ ይሻል። አርሴናል በ1996 ዓ.ም. ባበቃው ውድድር 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ መጨረሱን ማንሣት መልካም ጠባይ ነው፤ ከእነዚያ 12ቱ አቻ መሆናቸውን ማስታወስ ጠብ ያለሽ በዳቦ ነው። ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. ማንቼ 8 ለ 2 ያሸነፈበት ጨዋታ ደግሞ አርሴናል ባለበት ቤት አይነሣም። ማንቼ ካለ ሳይነሣ አይቀርም።

«እኔ የአገሬን ኳስ ነው የምወደው» ብሎ ማምለጥ ይቻላል የሚሉ አሉ። በቡና ምድር ኢትዮጵያ ቡናን መጥራት፣ ያውም ዋንጫ ያነሣበትን 2003ን ጠቅሶ፣ ማን ይቃወማል? የጊዮርጊስ ደጋፊ። እሱ ወሬውን የሚጀምረው ክለቡ ከተመሠረተበት ከ1928 ዓ.ም. ነው፤ ዓመት አይዘልም።

የሰዓቱ ነገርም አለ። ለንደን ላይ ቅዳሜ ከሰዓት የሚጀመረው ጨዋታ እዚህ በክረምታቸው 12 ሰዓት፣ በበጋቸው 11 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ማለት ነው። አቦልና ቶና በጨዋታው መካከል ያልፋሉ። አደጋው በረካ ላይ ነው፤ ከዲኤስቲቪ ቤት የተመለሰው ሁሉ የሚቀመጠው ያኔ ነውና።

ስለዚህ አንዳንዱ ገለልተኛ ጓዳ መግባትን ይመርጣል። ቡና የሚወቅጥን ሰው ማንም ስለ ኳስ አይጠይቀውም የሚል ግምት ይዞ ሙቀጫውን ያነሣል። ግምቱ ለሴቶች ይሠራል። ወንድ ዘነዘና ሲጨብጥ ግን የቤቷ እመቤት ቁሌቱን ማማሰል ትታ በኀዘኔታ ታየዋለች።

«ምነው ወንድሜ፣ ተሸነፋችሁ እንዴ?»