የጉርሻ ሒሳብ

ሰውዬው የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሃያ ዓመት እንጀራ የበላው ጉድለት እንዳይገኝ በመጠበቅ ነው። በ42 ዓመቱ፣ ቀበቶው የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ሲደርስበት፣ ሰፈሩ ውስጥ ወዳለ ጂም ጎራ አለ። ጢሙን መላጨት ገና የጀመረ የሚመስል አሰልጣኝ ከላይ እስከ ታች አየውና «ጋሼ፣ ለእርስዎ የሚያስፈልግዎት ጉድለት ነው» አለው።

ጆሮውን ተጠራጠረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእሱን ያህል ቁመትና ክብደት ያለው፣ ቀኑን ወንበር ላይ ውሎ በሳምንት ሦስቴ ብረት የሚያነሣ ሰው በቀን 2,500 ካሎሪ አካባቢ ያወጣል። 2,000 ብቻ ቢያስገባ፣ ሰውነቱ የጎደለውን 500 ሆዱ ላይ ካጠራቀመው ስብ ይከፍላል። በሳምንት 3,500 ይሆናል፤ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስብ ማለት ነው። ሰውዬው 88 ኪሎ ይመዝናልና እዚያው ቆሞ አሰላው፦ በዓመት ወደ 24 ኪሎ። በዚህ አያያዝ አራት ዓመት ሳይሞላው ከመዝገብ ይሰረዛል። አሰልጣኙ አረጋጋው። ሰውነት ሲቀንስ ወጪውም አብሮ ስለሚቀንስ ቅናሹ እያደር ይዘገያል።

ጭንቁ የመጣው ቀጥሎ ነው። ጉድለት የገጠመው መሥሪያ ቤት የባንክ ተቀማጩን ብቻ አይነካም፤ ሲብስበት ጠረጴዛና ወንበሩንም ይሸጣል። ሰውነትም እንደዚያው ከስቡ ጎን ለጎን ጡንቻውን እያፈረሰ ይጠቀማል። ይህን ሽያጭ የሚያግዱት ሁለት ፊርማዎች ናቸው፦ ብረት ማንሣትና ፕሮቲን። ብረቱ «ይህ ንብረት ሥራ ላይ ነው» ብሎ ይመሰክራል፤ ፕሮቲኑ የጥገናውን ዕቃ ያቀርባል።

በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት 40 ወፈር ያሉ ወጣት ወንዶችን ለአራት ሳምንት ከሚያስፈልጋቸው ካሎሪ 40 በመቶውን ቀንሶ በሳምንት ስድስት ቀን አሠራቸው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው በቀን 2.4 ግራም ፕሮቲን የበሉት 4.8 ኪሎ ስብ ጥለው፣ ከስብ ውጪ ያለው የሰውነታቸው ክብደት በ1.2 ኪሎ ጨመረ። ግማሹን ማለትም 1.2 ግራም የበሉት 3.5 ኪሎ ስብ ጣሉ፤ ጭማሪያቸው ግን ከምንም አይቆጠርም። ሰውዬው ይህን ሲሰማ ዐይኑ በራ። «ወጣት» የሚለውን ቃልና «በሳምንት ስድስት ቀን» የሚለውን ሐረግ እንዳልሰማ አለፋቸው።

ለተራ ሰው በየኪሎው 0.8 ግራም ይበቃል፤ ብረት ለሚያነሣ ግን 1.6 ግራም አካባቢ ይመከራል። የእሱ ድርሻ 140 ግራም ደረሰ። አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ ስለሆነ ድምሩ 560 ነው፤ ከ2,000 ላይ ተነሥቶ ብዙ የሚተርፍ መሰለው። እንደ ልማዱ ዋጋ ማወዳደር ጀመረ። በምስር ብቻ ልወጣው ቢል ወደ 580 ግራም ጥሬ ምስር ያስፈልገዋል፤ ይህ ያለ ዘይት፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ እንጀራ የቀኑን በጀት ሙልጭ አድርጎ ይጨርሳል። በእንቁላል ቢሆን 23 እንቁላል፤ ካሎሪው 1,600 ያልፋል፣ ዋጋውን ደግሞ ባለሱቁ ይወቀው። በተቀቀለ የዶሮ ፈረሰኛ ቢሆን ግን 450 ግራም ሥጋ በ750 ካሎሪ ገደማ ሥራውን ይፈጽማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዶሮ በቅናሽ የተገኘበት ገበያ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ችግሩ፣ በእሱ ቤት ዶሮ የሚታወቀው በወጥነቱ ነው። ወጡ ደግሞ ቅቤ አለው።

የኩሽና ሚዛን ገዛ። በመጀመሪያው ምሽት እንጀራውን ዘርግቶ ሲያስቀምጠው ሚዛኑ ከነቁጥሩ ከእንጀራው ሥር ተሰወረ። ጫፉን ገለጥ አድርጎ አጎንብሶ ሊያነብ ሲታገል ባለቤቱ ከምድጃው ዞር ብላ አየችው። «እንጀራው ታመመ እንዴ?» አለችው። ኋላ ጠቅልሎ መመዘን ተማረ። ከእንጀራው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ መሆኑን ሲነግራት ግን ተቀየመች፤ አብሲቱን የምትጥለው እሷ ናት።

የሚዛኑ እውነተኛ ግኝት ሌላ ነበር። ሽሮው ራሱ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ የሽምብራው ፕሮቲን ጤፉ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ይሞላለታል፣ ሁለቱ ትሪው ላይ ሲገናኙ እንደ ጥሩ ሸሪኮች ይተጋገዛሉ። ሌባው ዘይቱ ነው። ባለቤቱ «ጠብ አድርጌበት» የምትለውን ዘይት አንድ ቀን አስቁሞ ለካው፦ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ። የስብ ግራም 9 ካሎሪ ስለሆነ 800 ያህል ካሎሪ ድምፁን ሳያሰማ ድስት ውስጥ ገብቷል። ለአራት ሰው ቢካፈል እንኳ ለየራሱ 200 ይደርሳል። «ከዛሬ ጀምሮ በማንኪያ» አለ። ሦስት ቀን በሰላም ከተበላ በኋላ ልጆቹ ሽሮው ለምን ጉሮሮ እንደሚይዝ መጠየቅ ጀመሩ።

አሰልጣኙ የፕሮቲን ዱቄት መከረው። ሰውዬው በደመወዙ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ከፍቶ አንድ ትልቅ ጣሳ ይዞ ገባ። ባለቤቱ ከምን እንደተሠራ ጠየቀችው።

«ከአጓት።»

«ከምን?»

«ከአጓት። ወተት ሲረጋ የሚወጣው...»

«አጓትማ አውቃለሁ! እናቴ አይብ ስታወጣ ለውሻ የምታፈሰው አይደል? በጣሳ አሽገው ሸጡልህ?»

አንድ መስፈሪያው በ120 ካሎሪ 24 ግራም ፕሮቲን እንደሚሰጥ አስረዳት። በዚህ ስሌት ከየትኛውም የጓዳ ዕቃ ይሻላል። እሷ ግን ልቧ ከእናቷ ውሻ ጋር ቀረ። ደግሞ አጓት የወተት ዘር ነውና ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባም 55 ቀን ሙሉ ጣሳው ተከድኖ ይቀመጣል። ለጾሙ መፍትሔ ያመጣችው እሷው ነች፤ መቶ ግራሙ 36 ግራም ያህል ፕሮቲን የያዘ አኩሪ አተር አስፈጭታ ሽሮው ውስጥ ጨመረችበት። አልነገረችውም። በማግስቱ ሽሮው ለምን እንደከበደው ሲጠይቃት «መዝነው» አለችው።

በፍስኩ ቀን ቁርጥ ቤት ሄደ። ሩብ ኪሎ ቀይ ሥጋ ከ50 ግራም በላይ ፕሮቲን ይሰጣል፤ ካሎሪውም ከ400 አይዘልም። «ጮማ እንዳትጨምርበት» አለ። ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን ይዞ ቀረ። «ሐኪም ከለከለህ?» አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሰው ምሥጢር እንደሚጠብቅ ሰው። አብረውት የሄዱት ባልደረቦቹ ቢራ አዘዙለት። የአልኮል ግራም 7 ካሎሪ መሆኑን ሊያስረዳ ሲጀምር «ጋሽ ግራም» የሚል ስም ወጣለት።

በስድስተኛው ሳምንት ሦስት ኪሎ ቀነሰ፤ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ፤ የሚያነሣው ብረትም ጨመረ። ይህን ሁሉ ከራሱ በቀር ያደነቀ የለም። ቢሮ ውስጥ «ምነው ከሳህ? ደህና አይደለህም?» ይሉታል። ገንዘብ ያዢዋ አንድ ቀን ጠጋ ብላ ለሕክምና ብድር ከፈለገ ማኅበሩ እንዳለ አስታወሰችው።

የካሎሪን ነገር አጥንተው ዛሬ የምንቆጥርበትን መንገድ ካስጀመሩት አንዱ አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ሰዎችን በታሸገ ክፍል አስገብቶ የሚበሉትንም፣ የሚተነፍሱትንም፣ የሚያወጡትን ሙቀትም ይለካ ነበር። በዚያ ክፍል አክስት አልነበረችም።

ሰውዬው ግን አክስት አለችው። እሑድ እለት ለክርስትና ተጠርቶ ቤቷ ሄደ። ትሪው ዙሪያ ስድስት ሰው ተቀመጠ፤ ድንበር የለም፣ የማን ድርሻ የት እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። ከፊቱ ያለውን ብቻ በዐይኑ ሊመዝን ሲሞክር፣ በቅቤ የራሰ ክትፎ የጠቀለለ እጅ ከወደ ግራ መጣ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«አፈር ስሆን!»

ዋጠ። ስልኩን አውጥቶ ከጠረጴዛው ሥር የምግብ መቁጠሪያውን ከፈተ። ክትፎ አለ፣ እንጀራ አለ፤ ጉርሻ የሚል ግን የለም። ሃያ ዓመት ያልካደው ሙያ ደረሰለት። «ልዩ ልዩ ወጪ» ብሎ ጻፈና 150 አስገባ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛዋን ጨመረችለት። 150ውን ደልዞ 300 አደረገው።

«ምንድን ነው ከሥር ከሥር የምትጽፈው?» አለችው።

«ሒሳብ ነው፣ እትዬ።»

«እሰይ» አለችና ሦስተኛዋን መጠቅለል ጀመረች፤ «እንግዲያው ይቺንም መዝግባት።»