«እግዚአብሔር ይመስገን» ከ5 ስንት ነው?

ገንዘብ የሚለግሱ ፋውንዴሽኖች ባይኖሩ ኖሮ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ አረጋውያኖቻችን ብቸኝነታቸውን በቁጥር ሳያውቁት ይሞቱ ነበር። ውለታ መቁጠር ያስከብራልና ላመስግን።

የማኅበራችን ሥራ ቀላል ነው። ልጆቻቸው ኡበር ሲነዱና ሆስፒታል በሥራ ሲያድሩ ከቴሌቪዥን ጋር ተፋጠው የሚውሉ እናቶችንና አባቶችን በየሳምንቱ እንሰበስባለን፤ ቡና እናፈላለን፣ የዜግነት ፈተና እናስጠናለን፣ ደብዳቤ እናነባለን። የሚያስፈልገን የአዳራሽ ኪራይ ነው። ኪራይ ግን በፋውንዴሽኖቹ ዘንድ የአስተዳደር ወጪ ስለሆነ አይደገፍም፤ በጎ ሥራ ሜዳ ላይ ቢሠራ ይመረጣል። ኦዲት የተደረገ ሒሳብም ይጠየቃል፤ ለኦዲተሩ የሚከፈለው ከምንለምነው ቢበልጥም ግልጽነት ዋጋ አለው። ፕሮግራሙ አዲስ ፈጠራ መሆንም አለበት፤ ቡና ደግሞ ትንሽ ቆየት ብሏል።

ከሁሉ የምወደው «ውጤቱን በቁጥር ያሳዩ» የሚለውን ነው። ሎጂክ ሞዴል የሚባለው ሠንጠረዥ ለእኛ የተሠራ ይመስላል፦ አቦል የአጭር ጊዜ ውጤት፣ ቶና የመካከለኛ ጊዜ ውጤት፣ በረካ ዘላቂ ለውጥ። ከአቦል በኋላ ብድግ የሚሉ እናት መረጃ ስለሚያበላሹ በር ላይ ሰው አቆምን። ቀጥሎ መነሻ ጥናት መጣ፦ «ከ1 እስከ 5 ምን ያህል ብቸኝነት ይሰማዎታል?» አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

«እሺ እማማ፣ በቁጥር ቢነግሩኝ?»

«ልጄ፣ ፈጣሪን በቁጥር ላማርረው?»

1 ሞላንላቸው። ከበረካ በኋላም መልሳቸው ያው ነበር። አጠገባቸው ያሉት አባትም ሁለቱንም ጊዜ «አልሐምዱሊላህ» ብለው አለፉ። ለውጥ ዜሮ፤ በመረጃው መሠረት ቡናው አልፈየደም።

ስለዚህ ለመጪው ዓመት የማማረር ሥልጠና በጀት አስይዘናል። በየእምነቱ አሠልጣኝ ይቀጠራል፤ ብሶታቸውን አጥርተው የሚናገሩ የምስክር ወረቀት ይወስዳሉ፤ መነሻው 5 ሲገባ ቡናው ቁልቁል ያወርደዋል። ማነጻጸሪያ ቡድንም አለን፦ ግማሾቹ እናቶች ቡና ሳይቀምሱ ጎረቤት ክፍል ይቀመጣሉ። የቡናው ሽታ ጥናቱን እንዳይበክል በበሩ ሥር የሚወተፍ ፎጣ ተገዝቷል። አሁን የሚያሰጋን ቡና የሚያፈሉት ሴት ብቻ ናቸው፤ «ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ለብቻዬ አልጠጣም» ብለው ስኒ በድብቅ ሲያሻግሩ ተይዘዋል። የሥነ ምግባር ጥሰቱ ለቦርዱ ቀርቧል።

እውነቱን ልናገር፤ ሰልችቶኛል። ማመልከቻውን የምትሞላው ልጅ ደሞዝ የላትም፤ ከሥራ መልስ እንቅልፏን ገድላ ነው። እሷ ሠንጠረዥ ስታስተካክል፣ አንድ ሽማግሌ ሜዲኬድ የሚባለውን የመንግሥት የጤና መድን የማሳደሻ ደብዳቤ ይዘው የሚያነብላቸው ያጣሉ። ቀኑ ካለፈ ሕክምናቸው ይቋረጣል። ይህን የሚጠይቅ ሣጥን ቅጹ ላይ የለም።

ከፋውንዴሽኖቹስ ምን ይጠየቃል? የአሜሪካ ሕግ በግል ሀብት የተቋቋሙ ፋውንዴሽኖችን የሚያስገድደው በየዓመቱ ከሀብታቸው 5 በመቶ ገደማ እንዲያወጡ ነው፤ ቀሪው ኢንቨስት ተደርጎ ይወልዳል። ባለጸጋው ገንዘቡን ሲያስገባ የግብር ቅናሹን ያገኘውም የብቸኝነት መነሻ ጥናት ሳይሞላ ነው። ባለጸጋዋ መኬንዚ ስኮት እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር፣ አብዛኛውን ያለ ማመልከቻ፣ «እንደሚበጃችሁ አውሉት» ብላ ሰጥታለች። ሰማይ አልተደፋም።

የቅጹ የመጨረሻ ጥያቄ ስለ ዘላቂነት ነው፦ የአንድ ዓመቱ ድጋፍ ሲያበቃ ፕሮግራሙ እንዴት ይቀጥላል? የፋውንዴሽኑ ሰዎች እርጅናም በበጀት ዓመት የሚዘጋ ይመስላቸዋል። ለመልሱ 500 ፊደል ተፈቅዶልናል። «ኪራዩን ክፈሉ» ብለን ጻፍን፤ ብዙ ቦታ ተረፈን።