የመደርደሪያው ጆሮ ጠቢ

በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች የምሥራች አለ። ለልጅ «ትርጉም ያለው የገና ወግ» ለማውረስ ከእንግዲህ አያትም፣ አጥቢያም፣ ጎረቤትም አያስፈልግም። ወጉ በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል። ካርቶኑ ውስጥ አንድ የተረት መጽሐፍና ቀይ የለበሰ፣ ዓይኑ ወደ ጎን የሚያይ፣ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ አሻንጉሊት ይገኛል። ስሙ «ኤልፍ ኦን ዘ ሼልፍ» ነው። ካሮል ኤበርሶልድና ልጃቸው ቻንዳ ቤል መጽሐፉን በ2005 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ «የገና ወግ» የሚለውን ከርዕሱ ሥር አስፍረውበታል። እኛ ዘንድ አንድ ነገር ወግ እስኪባል ስንት ትውልድ ያልፋል። የላሊበላ ካህናት በገና ጠዋት ቤተ ማርያም ግቢ ከላይና ከታች ተሰልፈው ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ፣ መቼ እንደተጀመረ የሚጠይቃቸው የለም። ይኼኛው ግን ገና አገር ሳያውቀው ወግ ሆኖ ከማተሚያ ቤት ወጣ። ሥልጣኔ እንዲህ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። አሻንጉሊቱ ቀን ቀን መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ልጆቹን ይከታተላል። ሌሊት ሰሜን ዋልታ ድረስ በርሮ ለገና አባት ሪፖርት ያደርጋል፤ ማን እህቱን መታ፣ ማን ጥርሱን ሳይቦርሽ ተኛ። ሲነጋ ቤት ውስጥ ሌላ ቦታ ላይ ተገኝቶ ሥራውን ይቀጥላል። ልጅ ከነካው አስማቱ ስለሚጠፋ አይነካም። በዲሴምበር 24 ሌሊት የዓመቱን ግዳጅ ፈጽሞ ይሰናበታል።

ይህን አሠራር እንደ እኛ የሚረዳ ሕዝብ ከየት ይገኛል? በ1967 ዓ.ም. ቀበሌ ከተቋቋመ ጀምሮ ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ማን ማታ መብራት አብርቶ አመሸ ብሎ የሚመዘግብ ሰው አጥተን አናውቅም። ያን ሰው ሽሽት ስንቱ በመተማ በኩል በእግሩ ሱዳን ገባ፤ ካርቱም ላይ ዓመታት ጠበቀ፤ ዞሮ ዞሮ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረሰ። እዚያ የወለዳት ልጅ ዛሬ ራሷ እናት ሆና፣ በላቧ ባገኘችው ዶላር፣ ጆሮ ጠቢ ገዝታ ሳሎኗ ውስጥ አስቀምጣለች። የያኔውን እንኳ የሚቀልበው መንግሥት ነበር።

አንዲት አያት ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው መደርደሪያውን ሊወለውሉ ጨርቅ ቢያነሡ፣ የልጅ ልጃቸው ጮኾ ያዛቸው። «እማማ፣ እንዳትነኪው! የምናደርገውን ሁሉ ይናገራል።»

«ለማን ነው የሚናገረው፣ የኔ ጌታ?»

«ለትልቁ ሰውዬ።»

አያት ጨርቁን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሳሎን ውስጥ ያገር ቤት ወሬ ከተነሣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሕፃኑ ያልገባው ነገር ለእሳቸው በአንድ አፍታ ገብቷቸዋል።

የእናትየውን ልፋት ደግሞ ማን ያመስግናት? ሁለት ሺፍት ሠርታ ገብታ፣ ልጆች አስተኝታ፣ ልትተኛ ስትል ኤልፉን እንዳላንቀሳቀሰችው ትዝ ይላታል። በባዶ እግሯ ወርዳ ዱቄት ጠረጴዛ ላይ ትበትንና አሻንጉሊቱን በጀርባው ታንጋልለዋለች፤ በረዶ ላይ ሲጫወት አደረ ለማለት ነው። ፎቶ ታነሣዋለች። ፎቶው ካልተለጠፈ ወጉ ወግ አይሆንም። ጠዋት ልጁ ያንኑ ዱቄት በእጁ ቢነካካ ይቀጣል፤ ዱቄት የመድፋት መብት የጆሮ ጠቢው ብቻ ነው። እንቅልፍ ጥሏት ያላንቀሳቀሰችው ቀን «ጉንፋን ይዞት ነው» ትላለች። እሷ ጉንፋን ይዟት ከሥራ የቀረችበትን ቀን ግን ማንም አያስታውስም።

የቀኑ አቆጣጠርም ግሩም ነው። ኤልፉ መደርደሪያው ላይ የሚወጣው ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት ተጀምሮ ሳለ ነው። አያት በሽሮና በጎመን ሲሰነብቱ እሱ ከረሜላ ላይ ተጋድሞ ያድራል። በዲሴምበር 24፣ ማለትም በታኅሣሥ 15 ማታ፣ ልጆች ለገና አባት ብስኩትና ወተት አስቀምጠው ይተኛሉ። ያን ወተት መጠጣት ያለበት ሰው አለ፤ ሲጾም የከረመው አባት። ብስኩቱን ገምጦ፣ ወተቱን ጨልጦ፣ ለልጆቹ ወግ ሲል ይገድፋል።

ታኅሣሥ 29 የእኛው ገና ሲመጣ ኤልፉ ተጠቅልሎ ካርቶኑ ውስጥ ገብቷል። ጃኑዋሪ 7 ስለሆነ ትምህርት ቤትም ክፍት ነው። የዚህ ገና ጉድለቱ ብዙ ነው። ካርቶን የለውም። ልጅ ሁሉን ይነካል፤ ጧፍ ይይዛል፣ ዳቦ ይቆርሳል፣ ቅዳሴው ሳያልቅ እናቱ ነጠላ ላይ ጥቅልል ብሎ ይተኛል። ከሁሉ የከፋው ግን የገና ጨዋታው ነው። ሩሯን በተቆለመመ ዱላ ሲያሳድዱ ሎሌ የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ጌታ መቆጣት አይችልም ነበር። ከዓመቱ ሁሉ መርጠው ለዚያች ቀን ክስ፣ ቂም፣ ሪፖርት የሚባል ነገር አነሡ። ልጅ እንዲህ ባለ በዓል ምን ዲሲፕሊን ይማራል?

ላውራ ፒንቶ የተባሉ የካናዳ ምሁር ከባልደረባቸው ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ አሻንጉሊቱ ልጆችን ስለላን እንደ ተራ ነገር እንዲለምዱ ያደርጋል ብለው ነበር። ምሁር ነገር ማካበድ ይወዳል። መልመድ ክፉ ነው ያለው ማነው? የለመደ ሰው እንደ እማማ ጨርቁን አስቀምጦ ድምፁን ይቀንሳል፤ ቤቱም ጸጥ ይላል።

ገበያውማ ደርቷል። ለኤልፉ ቅያሪ ልብስ ለብቻው ይሸጣል። አጋዘንና ውሻም ተጨምረውለታል፤ እነሱም «ወግ» የሚል ታትሞባቸው ነው የሚመጡት። እኛ ምን እንጠብቃለን? ስለዚህ ለባለሀብት ወገኖች «ጓድ መደርደሪያ»ን አቀርባለሁ። ካኪ የለበሰ፣ ደብተር በብብቱ፣ እስክርቢቶ በጆሮው የሰካ። ካርቶኑ ላይ «ጥንታዊ የኢትዮጵያ የገና ወግ» ይታተምበታል። ማኅተሙ ለብቻው ይሸጣል። የፈረንጁ በልጅ ሲነካ አስማቱ ይጠፋል፤ የእኛ ሲነካ የሚጠፋው ልጁ ነው። ሽያጭ ኅዳር 15 ይጀመራል። ትዕዛዝ በስልክ አንቀበልም፤ ስልክ ይጠለፋል።