ልጅን ከዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የመመለሻ መንገድ

ይህ የተገላቢጦሽ ምክር ነው። ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ደርሶ እንዲመለስ፣ ጥሪታችሁም አብሮ እንዲሟጠጥ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ እነግራችኋለሁ። ይህን የሚመኝ ወላጅ በፎገራ ሜዳ የለም። ሳይመኘው የሚፈጽመውን ግን ከወረታ እስከ ወንዛዬ ፍል ውሃ ብዙ ቤት አውቃለሁ፤ አንደኛው የታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። የጥፋቱ መንገድ እንዲህ ተዘርግቶ ቢታይ የሚመለስ ሰው ይኖራል ብዬ ነው የምጽፈው።

ከሰኔ ጀምሩ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በሰኔና በሐምሌ ግድም ይሰጣል፤ ፎገራም ሩዙን የሚዘራውና የሚያርመው በዚሁ ሰሞን ነው። ሩዝ በደርግ ዘመን ጅግናና ሻጋ ላይ ሲሞከር፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎችም ሲያሳዩት፣ ውሃ የተኛበት መሬት እህል ይሰጣል ብሎ ያመነ ጥቂት ነበር። ዛሬ ሜዳው ያለ ሩዝ አይታሰብም። ሩዝ ግን ጉልበት ይበላል፤ አንዴ ታርሞ የሚተው አይደለም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ በእጅ መንቀል ይጠይቃል። እንግዲህ ልጁን እስከ ፈተናው ዋዜማ ከጭቃው አታውጡት። ሴት ከሆነች ከአረሙ ላይ ወጡንና እንጀራውን ጨምሩባት። ማታ ኩራዝ ሥር ደብተሯ ላይ እንቅልፍ ሲጥላት “ይችስ ትምህርት አይሆናትም” ብላችሁ ፍረዱ። ለሦስት ሳምንት የቀን ሠራተኛ ቀጥራችሁ ልጁን ነፃ ማውጣት የምትችሉ እንኳ፣ ያን ገንዘብ አትርፉት። የዳነው ገንዘብ የአንድ ዓመት ዕድሜ ዋጋ እንደሚሆን የምታዩት በመስከረም ነው።

ፈተናው እንደ ድሮው ነው ብላችሁም እመኑ። ድሮ መቁረጫው ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ግን ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆነ፤ ፈተናውም ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወሰደ። በአገር አቀፍ ደረጃ ያን ነጥብ ያገኙት በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ነበሩ። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ደረሰ። ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላዩ ያላለፈበትን ፈተና “የእኔ ልጅ ሰነፍ ስለሆነ ነው” ብሎ ልጁን መርገም ግፍ ነው። በእኛ ክልል ደግሞ ከ2015 ክረምት ወዲህ ትምህርት ቤቱ በጦርነት ተዘግቶበት፣ መንገዱ ተቆርጦበት የቀረውን ልጅ አስቡት። እሱ ያጣውን ጊዜ በስድብ አትመልሱለትም። በቴሌግራም “መልሱ አለኝ” ለሚል ሌባ ብር መላክ ደግሞ ልጁን ሌላ ጉድጓድ ውስጥ መጨመር ነው።

ውጤቱ ከ50 በታች ሆኖ የሪሚዲያል ጥሪ ከደረሰው ወዲያው በግ እረዱ። ይህ ጥፋት ከሁሉም ይበልጥ ያስቆጨኛል፣ ምክንያቱም ከደስታ የሚመጣ ነው። የአቅም ማሻሻያ ትምህርት የተባለው ሪሚዲያል በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ለብዙ ሺህ ልጆች የተዘጋ በር ገርበብ አለ። ገርበብ ያለ በር ግን የተከፈተ በር አይደለም። ልጁ የተጠራው በቅድመ ሁኔታ ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ከሆነ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ከሆነ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ ይማራል። ፕሮግራሙ ሲጀመር ከውጤቱ 30 በመቶውን ዩኒቨርሲቲው በግቢ ምዘና፣ 70 በመቶውን ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር በማዕከል በሚያወጣው ፈተና እንዲሰጥ ተደረገ። ተደምሮ 50 ያልሞላ ፍሬሽማን አይገባም። ትምህርቱ ጥቂት ወራት ነው። ቤተሰቡ ግን “ዩኒቨርሲቲ ገባ” ብሎ ደግሷል፣ ጎረቤቱ መርቋል፣ ልጁም ራሱን የጨረሰ ሰው አድርጎ አውቶቡስ ላይ ወጥቷል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግቢ ሲያይ ያሳልፋል። አለማለፉን የሚሰማበት ቀን ሲመጣ ደግሞ የበላውን በግ እያሰበ ወደ ቤቱ ለመመለስ ያፍራል። እንዲህ አፍረው ከተማ ላይ የቀሩ ልጆች አሉ። ድግሱን ለማዕከሉ ፈተና ውጤት ማግስት ብታቆዩት ግን በጉ አይጠፋም፣ ልጁም አያፍርም።

አሁን ወደ ወንድሜ ቤት እወስዳችኋለሁ፤ የምክሩ እምብርት እዚያ ነው። ነፃውን ፍሩ፣ የሚከፈልበትን እመኑ።

የወንድሜ ልጅ በ2015 ዓ.ም. ተፈትና 50 አልሞላላትም። ሪሚዲያል ግን ተጠራች፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ከቤት በጣም ርቆ። ወንድሜ ሁለት ነገር ፈራ። አንደኛው ርቀቱ ነው፤ በዚያ ወቅት ልጁን በዚያ መንገድ መስደድ የፈራ አባት አልወቅስም። ሁለተኛው ዕዳው ነው። “ኮስት ሼሪንግ የሚሉት አለ፣ ልጄን ባለዕዳ አያደርጋትም” አለ። ይህን የሚሉ ብዙ ናቸውና ቆም ብዬ ላስረዳ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ከተማሪው የሚፈልገው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ 15 በመቶ ያህሉን ነው። ያም ሲመዘገብ በጥሬ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ውል ይፈርማል፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በየወሩ ይቆረጥበታል። የተማሪ የቀን ምግብ በጀት በ2017 ከ22 ብር ወደ 100 ብር ስላደገ ዕዳው ከድሮው ከብዷል፤ ዕዳው ሳያልቅ ዋናውን ዲግሪ ማውጣት እንደሚያስቸግርም ተመራቂ ሁሉ ያውቃል። ሆኖም ላም አያሸጥም። ደመወዝ ያላገኘ ልጅ አባት ቤት መጥቶ አጥር አያፈርስም።

ወንድሜ ግን ያን ዕዳ ሸሽቶ ሌላ ዕዳ ገዛ። አንድ ደላላ ቅርብ ከተማ ያለ የግል ኮሌጅ አሳየው። “ነጥቧ ባይሞላም ችግር የለም፣ ዲግሪውን ትጀምር፣ ሪሚዲያሉን ጎን ለጎን እንጨርስላታለን” አሉት። ደስ አለው። የፎገራ ላም ታውቃላችሁ፣ በወተቷ አገር የሚያውቃት ናት፤ የምትታለበዋን ሸጠ። በሁለተኛው ዓመት ጥጃዋን። የቤት ኪራይና የምግቡ ገንዘብ ከሽንኩርቱ ሽያጭ ወጣ። በ2017 ልጅቱ ወደ ሌላ ተቋም ልትዛወር ማስረጃዋን ይዛ ስትሄድ፣ ለዲግሪ የሚያበቃ የመግቢያ ነጥብ ሳይኖራት የተማረችው እንደማይቆጠር ነገሯት። ኮሌጁ ደረሰኝ ሰጠ እንጂ ገንዘቡን አልመለሰም። ዓመት ተኩል ጨዋታ ሆኖ ቀረ። ወንድሜ ያን ቀን ከወረታ ገበያ ወደ ቤቱ በእግሩ ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ ባጃጅ ሲጠሩት አልሰማም።

እናንተም ይህን ማድረግ ከፈለጋችሁ ቀላል ነው። ኮሌጁን ስለ ፈቃዱ አትጠይቁ። ብትጠይቁም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አይታችሁ ብቻ ተመለሱ፤ ፈቃድ ለኮሌጁ ስም ብቻ ሳይሆን ለየትምህርት መስኩ፣ ለየደረጃውና ለየካምፓሱ እንደሚሰጥ አትወቁ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት እንዳለ፣ የግል ተቋማትንም እንደ አዲስ ዳግም እንደመዘገበ አትስሙ። የልጁ ነጥብ ለዲግሪ ካልበቃ የትኛውም ኮሌጅ ሊያበቃው እንደማይችል ቢነገራችሁ “አንተ ምን ታውቃለህ” በሉ። እኔ ለወንድሜ ነግሬው ነበር፤ አጥብቄ አለመናገሬ ግን እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። በግል ኮሌጅ ከፍሎ ሪሚዲያል መማር ራሱ ሕጋዊ ነው፤ ለማስተማር የተፈቀደለትን ለይቶ፣ ሪሚዲያሉን አልፎ፣ ከዚያ ዲግሪ መመዝገብ ነው። ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው ላሚቱን የበላው።

ሰነድም አለ። ጥሪ በወጣ በነጋታው የ8ኛ ክፍሉን ሚኒስትሪ፣ የ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕቱን፣ ጉርድ ፎቶውን መፈለግ ጀምሩ። የተወሰኑትን የምዝገባ ቀናት አሳልፋችሁ ድረሱ፤ ብርድ ልብስና አንሶላውን እዚያው ከተማ በእጥፍ ግዙ። ስሙ በአንዱ ወረቀት በሀሌታው ሀ፣ በሌላው በሐመሩ ሐ ተጽፎ ከሆነ ደግሞ እስከ ጥሪው ቀን አታስተካክሉት።

ሪሚዲያሉም ያልሆነለት ልጅ ካለ “አበቃለት” በሉት። ወረታ ላይ የግብርና ኮሌጅ እንዳለ፣ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ደጃችን እንደተተከለ እርሱት። የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ሲበላሽ ጠጋኝ ፍለጋ ቀን ሙሉ በምንቆምበት አገር፣ የሙያ ትምህርት ውርደት ነው ብላችሁ ልጁን አስቀሩት።

የመጨረሻው ጥፋት የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። ውጤት የሚሰማው በመስከረም አካባቢ ነው፤ ሩዙ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ። በመካከሉ ጎተራው ባዶ ነው። ጥሪ ይመጣል፣ የመንገድ ገንዘብ የለም፣ ያኔ ነጋዴው ይመጣና ሩዙን ማሳ ላይ በቁሙ ይገዛል፤ ወይ አራጣ ነው፣ ወይ በሬው ነው። እኛ አገር ልጅ ለትምህርት ሲሄድ ቤት የሚፈርሰው ክፍያው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ በሚጎድልበት ወር ስለሚጠየቅ ነው።

ስለዚህ 11ኛም ሆነ 12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ የጅግና፣ የሻጋ፣ የቁሐር ሚካኤል ሰዎች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ታኅሣሥ ላይ ሩዙ ተወቅቶ ወደ ቤት ሲገባ ሁለት ኩንታል ሳይፈለፈል ለዩ። በልጁ ስም አስቀምጡት። ለሠርግም፣ ለተዝካርም፣ ለማዳበሪያም ቢሆን እስከ መስከረም አትንኩት።