የሎንዶን መንገደኛ

በኅዳር ማለዳ አመዳዩ መስኩን በሚያነጣበት በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቶ የተቀመጠ አንድ ወዳጃችን «ለመሆኑ ሎንዶን ይበርዳል ወይ?» ብሎ በታላቅ ጭንቀት ሲጠይቅ መስማት ምንኛ ደስ ያሰኛል! ለአምስት ቀን ጉብኝት የባንክ መግለጫ፣ የሥራ ደብዳቤና የቤት ካርታ ሲያሰባስብ መንፈቅ አልፎታል፤ አሻራውንም ሰጥቷል። ግጻዌ የሚያህል መርሐ ግብር አዘጋጅቶ፣ ከቢግ ቤን ቀጥሎ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለውን የመቅደላን የወርቅ ዘውድ ሊሳለም አስቧል፤ ዘውዱ እንኳ በ1860 ዓ.ም. የተሻገረው ቪዛ ሳይጠየቅ ነው።

በ1833 ዓ.ም. ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። እንግሊዛዊው ሻምበል ሐሪስ የንግሥት ቪክቶሪያን መንግሥት ወክሎ ከቦምቤይ ተነሥቶ፣ በታጁራ ጠረፍ ወርዶ፣ የአፋርን ሐሩር በግመል አቋርጦ፣ መድፍና ጠመንጃ በገጸ በረከትነት አስጭኖ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ ወደ አንኮበር ሲመጣ፣ የንጉሡ ፈቃድ እስኪደርሰው በአልዩ አምባ ደጅ ጠንቷል፤ ፈቃድ ለማኟ ሎንዶን፣ ፈቃድ ሰጪዋ አንኮበር ነበረች ማለት ነው። ሰውዬውም አገሩ ሲገባ ያየውን በ3 ቅጽ ጽፎ አሳተመ።

ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አሻራ የሚጠይቅም የለም። ወዳጃችን ግን እስከ ዛሬ አንኮበርን አላየም። ምክንያቱን ብንጠይቀው «መንገዱ ይርቃል» አለን።